ጠማማ እንጨት ፈላጊዎች

ባለፈው ሰሞን ከዚራ፣ ዛፍ ሥር ሻይ እየጠጣን ወሬው እንደተለመደው ወደብ ላይ ደረሰ። ድሬዳዋ ውስጥ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ብትጀምርም ማሳረጊያው ወደብ ነው። አንዱ የታኅሣሥ 2016ቱን የሶማሌላንድ የመግባቢያ ሰነድ አነሳ። ሌላው አሰብን አነሳ። ሦስተኛው ለባሕር ኃይላችን ስንት መርከብ እንደሚበቃ በጣቱ ይቆጥርልን ጀመር። እኔም አላስችል ብሎኝ «መርከቡ ይቆየንና፣ እዚህ ከተማ አንዲት የእንጨት ጀልባ መሥራት የሚችል አናጢ አለ?» አልኩ።

«ለደቻቱ ነው?» አለ አንዱ። ሁሉም በሳቅ ፍርስ አሉ።

ደቻቱን ለማያውቅ ሰው፣ ከተማችንን ለሁለት የሚከፍል ወንዝ ነው። ወንዝ እንበለው እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ሲመጣ ግን በአንድ ሌሊት ነው የሚመጣው፤ በ1998ቱ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ያጣን ሰዎች እናውቀዋለን። እና ቀልዱ ትንሽ ይጎረብጣል። ቢሆንም እኔም ሳቅኩ።

ከሳቁ በኋላ ግን አንድ ወዳጄ ኮስተር ብሎ ተከራከረኝ። የእንጨት ጀልባ ያበቃለት ነገር ነው አለ። ባሕር ዳር ያለው ዓሣ አጥማጅ ራሱ ወደ ፋይበር ግላስ ዞሯል፣ ባሕር የሌለን እኛ ምን አገባን፣ ሙዚየም ይጨነቅበት፣ አቦ ተወን አለ። ያን ቀን መልስ አጣሁ። ቤቴ ገብቼ ስተኛ ነው መልሱ የመጣልኝ፤ የኔ መልስ ሁሌም እንደዚያ ነው።

እኔን የሚያገባኝ በአንድ ሰው ምክንያት ነው። በወጣትነቴ ጅቡቲ አንድ ትራንዚት ቢሮ ውስጥ ሠርቻለሁ። አንድ የዕረፍት ቀን ከጓደኛዬ ጋር የታጁራን ባሕረ ሰላጤ ተሻግረን ኦቦክ ሄድን። ኦቦክ ከድሬ የባሰ ሙቀት አለ ብዬ አላምንም ነበር፤ አለ። ባሕሩ ዳር አራት ግንድ ቆሞ ላዩ ላይ ሸራና የተቀደደ ሰሌን የተጣለበት ዳስ አየን። ወርክሾፕ መሆኑ ነው። ከሥሩ አንዲት ሁሪ ጎኗ ተከፍቶ ተጋድማለች። ሁሪ ማለት እዚያ የባሕር ዳሩ ሰው የሚያጠምድባት ትንሽ ቀጭን ጀልባ ናት። ድሮ ከአንድ ግንድ ተፈልፍላ ከሕንድ፣ ከማላባር ጠረፍ ትመጣ ነበር፤ በኋላ እዚሁ በጣውላ መሥራት ተለመደ።

ሠሪው ከየመን የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ዓሚ እንላቸው ነበር፣ አጎቴ እንደማለት። መጀመሪያ የተጣላነው (እኔና ዓሚ ማለቴ ነው) ስለ ሥራ ቅደም ተከተል ነው። እኔ የአናጢ ልጅ ነኝ። እኛ ቤት ቁም ሳጥን ሲሠራ መጀመሪያ ሞራሌው ይቆማል፣ አጥንቱ ይያያዛል፣ ከዚያ ልብሱ ይለብሳል። ዓሚ በተቃራኒው ነው የሚሠሩት። ከሥር ያለውን ረጅሙን ግንድ ያጋድማሉ፣ ፊትና ኋላውን ያቆማሉ፣ ከዚያ ጣውላውን በጣውላው ላይ እያስከተሉ ጎኑን ያወጣሉ። ጎድኖቹ የሚገቡት በኋላ ነው። ቆዳው ቀድሞ አጥንቱ ይከተላል። «ይህ እንዴት ይቆማል?» አልኩ። ዓሚ በተሰባበረ አማርኛ «አንተ ሳጥን ትሠራለህ፣ ውሃው ሳጥን አይወድም» አሉኝ።

ንድፍ የሚባል የለም። ወረቀት የለም። ያላቸው ሲባጎና ዓይን ነው። ራቅ ብለው ይቆማሉ፣ አንድ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ተመልሰው መጥተው ጣውላውን በእጃቸው ይዳብሳሉ። እንደ ዶማ ስለቱ ወደ ሰውየው በዞረ መጥረቢያ ስስ ስስ አድርገው ይልጉታል። ከእግራቸው ጣት በሁለት ጣት ርቀት ላይ ሲወርድ እኔ ነበርኩ የምጨማደደው።

ከሁሉ የገረመኝ ግን እንጨቱ ነው። ዳሱ ጥግ የተከመረ ጠማማ ግራር ነበር። ክርን የመሰለ፣ ጉልበት የመሰለ፣ መንሽ የመሰለ። አባቴ ቢሆን ለማገዶ ይሸጠው ነበር። ዓሚ ግን ያን ነው የሚፈልጉት። የጀልባ ጎድን ቆልማማ ነው፤ ቀጥ ያለ እንጨት ቆርጠህ ብታቆለምመው ጭረቱ፣ ማለትም እንጨቱ ውስጥ በርዝመቱ የሚሄደው መስመር፣ ይቆረጥና ማዕበል ሲመታው እዚያው ላይ ይሰበራል። ሲያድግ የጠመመ እንጨት ግን ጭረቱ አብሮት ይጠምማል፣ እና አይሰበርም። ስለዚህ ሰውየው ጫካ ሲገባ የሚያየው እኔና አንተ የምናየውን ዛፍ አይደለም። ቅርንጫፉ ላይ ጎድን ያያል።

ከዚያ መወተፉ አለ። በጣውላና በጣውላ መካከል ያለውን ስንጥቅ ዘይት በጠጣ ጥጥ ይወትፉታል። ጥጡን እንደ ፈትል ያከሩና ስለቱ ደነዝ በሆነ መሮ እየመቱ ያስገቡታል። ባዶ ሲሆን ድምፁ ቦ ቦ ይላል፣ ሲሞላ ይደፈናል። ዓሚ ወሬ እያወሩ፣ ፊታቸውን ወደኛ አዙረው ይመቱና ድምፁ ሲለወጥ እጃቸው ወደሚቀጥለው ያልፋል። ምስማሩም እንዲሁ ዝም ብሎ አይመታም። እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ መጀመሪያ እንደ ማሲንቆ ደጋን ወዲያና ወዲህ በሚሳብ መሰርሰሪያ ይበሳል፣ ከዚያ አንገቱ ላይ ዘይት የነካ ጥጥ ተጠምጥሞበት ይገባል። መጨረሻ ላይ ሆዷ ሞራና ኖራ ተደባልቆ ይቀባል። ባሕር ውስጥ እንጨት ሰርስሮ የሚበላ ትል አለና፣ ካልተቀባች ወንፊት ትሆናለች።

ይህ ሁሉ ሆኖ ውሃ ላይ ስትወርድ ታፈሳለች! እኔ ደንግጬ ተነሳሁ፣ ዓሚ ሻያቸውን ይጠጣሉ። እንጨቱ ውሃ ይጠጣና ያብጣል፣ አብጦ ስንጥቁን ራሱ ይዘጋዋል። ለዚህ ነው የእንጨት ጀልባ ለረጅም ጊዜ ደረቅ ላይ ከተቀመጠች የምትበላሸው።

አሁን ወደ ወዳጄ ልመለስ። ፋይበር ግላስ ይሻላል ላለው አልከራከርም። ቀላል ነው፣ ትሉ አይበላውም፣ በየጊዜው ሞራ ቀቡኝ አይልም። ልጆቹን በዓሣ የሚያሳድግ ሰው እሱን ቢገዛ እሰየው። እኔም አጥማጅ ብሆን እሱን ነበር የምገዛው። ሲሰበር እንደ እንጨቷ አንድ ጣውላ ነቅለህ በሌላ የማትተካው መሆኑ፣ ሲያረጅም ማገዶ እንኳ የማይሆን ቆሻሻ ሆኖ ባሕር ዳር መቅረቱ ሌላ ጉዳይ ነው።

«እኛ ምን አገባን» ያለው ግን አልተዋጠልኝም። ይቺ ከተማ ራሷ የባሕር ልጅ ናት እኮ። በ1895 ሐዲዱ ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ እዚህ ባይደርስ ኖሮ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ ባልኖረች። ከዚያ በፊት የሐረር ቡናና ቆዳ በግመል ዘይላና ታጁራ ይወርድ ነበር፤ እዚያ ማን ተቀበለው? የእንጨት ጀልባ ነዋ። ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ራምቦ ቤት የምንለውን ሕንፃ ሕንዳዊ ነጋዴ ነው ያሠራው፤ እንጨቱን ቀና ብለህ ካየኸው እጁ የባሕር ማዶ እጅ ነው። አንሪ ደ ሞንፍሬ የተባለው ፈረንሳዊስ? እ.ኤ.አ. በ1911 ቡናና ቆዳ ሊነግድ መጣ፣ ኦቦክ ላይ የራሱን ጀልባዎች አሠራ፣ መሣሪያና ሐሺሽ አመላለሰባቸው፣ እዚህ ድሬዳዋ ደግሞ የዱቄት ወፍጮና የመብራት ማመንጫ ነበረው። ጨዋ ሰው ነበር አልልም። ግን የኦቦክ መዶሻና የድሬ ወፍጮ በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነበሩ።

ወደ ኋላ ልሂድ ካልኩማ ገና ብዙ አለ። አፄ ካሌብ እ.ኤ.አ. በ525 አካባቢ ሠራዊቱን ባሕር አሻግሮ የመን ያወረደ ንጉሥ ነው። በዚያው ዘመን የነበረው የቢዛንታይን ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ የዚህን ባሕር ጀልባዎች ሲገልጽ ጣውላቸው በገመድ የታሰረ እንጂ በብረት ምስማር የተመታ አይደለም ይላል። የዘመኑ ሰው ምክንያቱን «ባሕሩ ውስጥ ብረት የሚስብ ድንጋይ አለ» ይል ነበር። ፕሮኮፒዮስ ግን ይህን ይቃወማል፤ የሮማ መርከቦች ብረት ተሸክመው በዚያው ባሕር ሲሄዱ ምንም አልሆኑም ይላል። ይልቅ ሕንዶችና ኢትዮጵያውያን ብረት የላቸውም፣ ከሮማውያን እንዳይገዙም ሕግ ከልክሏል ነው የሚለው። ማዕቀብ ያኔም ነበር ማለት ነው።

ዛሬስ? ዛሬ እኛ ዘንድ ጀልባ ሁለት ትርጉም ብቻ ነው ያለው። አንዱ የሻይ ቤቱ ፖለቲካ ነው። ሁለተኛውን ማውራት ይከብዳል። ከሐረርጌ ገጠር የተነሳ ልጅ በድሬዳዋ አልፎ፣ በደወሌ ተሻግሮ፣ በእግሩ ሙቀቱን ጨርሶ ኦቦክ ባሕር ዳር ይደርሳል። ጀልባን መጀመሪያ የሚያያት በጨለማ ነው፣ ከአቅሟ በላይ ታጭቃ፣ ወደ የመን ልታሻግረው። ስንቱ ባሕር በልቶት ቀረ። ጀልባ የሚለውን ቃል ስትሰማ ሆዷ የሚባባ እናት እዚህ ከተማም በየመንደሩ አለች። ዓሚ ዳሳቸው አጠገብ ውሃ የሚያስቀምጡት ለእነዚህ ልጆች ነበር። ጀሪካኑ መንገዱ ዳር ነው የሚቀመጠው። ስለ እሱ ስጠይቃቸው ወሬ ቀየሩ።

እኔን የሚከነክነኝ ይህ ነው። ጀልባን እንፎክርባታለን፣ እንሞትባታለን፣ እንደ ሥራ ግን አይተናት አናውቅም። እጅ ያለውን ሰው መናቅ ደግሞ የቆየ አመላችን ነው። ምኒልክ ሠራተኛን ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ ፋቂ እያላችሁ አትስደቡ ብለው አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ጣና ላይ ከደንገል ታንኳ የሚሠሩትን ወይጦዎች ስንንቃቸው ኖረን፣ ታንኳዋን ግን ፖስት ካርድ ላይ አወጣናት።

ሌላው ዓለም ነቅቷል። ኢራን ሌንጅ የምትለውን የእንጨት ጀልባዋን አሠራር እ.ኤ.አ. በ2011 ዩኔስኮ አስቸኳይ ጥበቃ ከሚያሻቸው ቅርሶች ተራ አስገብታዋለች። ሀብታሞቹ የሰሜን አውሮፓ አገሮች እንኳ፣ እነ ኖርዌይና ዴንማርክ፣ በ2021 የትናንሽ ጀልባዎቻቸውን አሠራር አስመዝግበዋል። ሐረርም መዝገቡን ታውቀዋለች፤ ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006፣ የሹዋሊድ በዓል በ2023። ግን መዝገብ ላይ መስፈር እጅ አያስተምርም። ዓሚን ማንም አልመዘገባቸውም፤ እኔ ሳያቸው ሥር ሥራቸው የሚል አንድ ተማሪ እንኳ አልነበራቸውም። ልጆቻቸው የሞተር ጥገና ይሻለናል ብለው ሄደዋል። አልፈርድባቸውም።

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ከድሬዳዋና ከሐረር ሦስት አራት ወጣት አናጢዎች ይመረጡ፣ ደመወዛቸው ሳይቋረጥ ለስድስት ወር ባሕር ዳር ይቀመጡ። ለሚያስተምሯቸው ሽማግሌም ተገቢው ይከፈል፣ በነጻ አይሁን። ቪዲዮ ይቀረጽ፣ ግን ቪዲዮ ብቻ አይሁን፤ የመሮ ድምፅ ሲደፈን በስልክ አይሰማም። ቴክኒክና ሙያ ውስጥ ልጆቻችን የሚማሩት ኤም ዲ ኤፍ የሚባለውን የተጨመቀ ሰሌዳ ቆርጦ ማጠፊያ መግጠም ሆኗል፤ ያም እንጀራ ነው፣ ግን ሁሉም ጠፍጣፋ ነው። ጠማማ እንጨት ማንበብ የሚችል አናጢ ወንበርም ሌላ ዓይነት ይሠራል። ውሃ የት አለ ለሚለኝ ደግሞ፣ ደርቆ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ውሃ መልሶ ይዟል፤ ቅርባችን ነው።

በነገራችን ላይ «ለደቻቱ ነው?» ያለኝ ሰውዬ ራሱ አናጢ ነው፣ ቀፊራ አጠገብ። ከሳምንት በኋላ ሱቁ ጎራ ብዬ ይህንኑ አጫወትኩት። ሳጋቱራውን ከጸጉሩ እያራገፈ ሰማኝ፣ አልሳቀም። «ምስማሩ ጨው ውሃ ውስጥ አይዝግም?» አለ። ዘይት የነካ ጥጥ ይጠመጠምበታል አልኩት። «እሱን ሄጄ ካላየሁ አላምንህም» አለኝ። ከዚያ ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብሎ አንድ ጠማማ ግራር አወጣና አገላብጦ አየው፣ መልሶ አስቀመጠው። ትናንት ስደውልለት ፓስፖርት ሊያሳድስ ወረፋ ላይ ነበር።