ችካሉ ከተተከለ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ

መንገዱ ተቀይሶ፣ ችካሉ ተተክሎ፣ ግሬደሩ የደጋውን ጓሳ ሣር ገልብጦ ካበቃ በኋላ «ለኅብረተሰብ ምክክር ኑ» ማለት ምን የሚሉት ፈሊጥ ነው? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! አዳራሽ እንሰበሰባለን፣ ለስላሳ ይታደላል፣ ስማችንን አስፍረን እንፈርማለን። በስብሰባው ለመገኘታችን የፈረምነው ፊርማ በማግስቱ «ኅብረተሰቡ ተስማምቷል» ተብሎ ሪፖርት ውስጥ ይገባል። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «ይህ ተዳፋት በክረምት ጎርፍ ይወርድበታል፤ በጀርባው አዙሩት» ሲሉ የሚያገኙት መልስ «አስተያየትዎ ተመዝግቧል» ነው። የት እንደተመዘገበ እግዜር ይወቀው።

መንገድ አልጠላንም፤ በሽተኛ በቃሬዛ የምንሸከመው እኛው ነን። ግን ውርጭ የሚለበልበው ከፍታ እንደ ሌላው መሬት አይደለም። የውርጭ አገሩ ተክል ጅብራ አድጎ እስኪያብብ ስንት ዓመት ይፈጃል! ሣሩ አንዴ ከተገፈፈ አፈሩን ጎርፍ ይወስደዋል። የእግር መንገድም ቢሆን ያው ነው፤ ቱሪስቱም በቅሎውም ጭቃውን ሸሽቶ ዳር ዳሩን ሲረግጥ አንዱ መንገድ አምስት ይሆናል።

ደግሞስ የስሜን ተራሮችን ማን ረሳው? በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ፓርክ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ሲገባ፣ ከዋልያው ቁጥር መመናመንና ከእርሻው መስፋፋት ጋር የመንገድ ግንባታም በምክንያትነት ተነሥቶ ነበር። ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ሃያ አንድ ዓመት!

ምክክር የሚፈልግ ሰው ካርታው ገና በእርሳስ ሳለ ይምጣ። ከእረኞቹ ጋር በእግሩ ይውጣበት፤ ያውም በሐምሌ እንጂ በጥር አይሁን።