እንግሊዝኛ ከወረቀት በፊት ጆሮ ይግባ

ደሴ ውስጥ አንድ 5ኛ ክፍል ገብታችሁ የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብትከታተሉ ይህን ማየታችሁ አይቀርም። ልጅቷ ቆማ ታነባለች። እንግሊዞች ቢላን «ናይፍ» የሚሉበት ቃል ላይ ስትደርስ መጀመሪያው ላይ ኬይ አለች፤ ስለዚህ «ክናይፍ» ትላለች። ክፍሉ በሳቅ ያውካካል። መምህሩ «ኬይዋ አትነበብም» ብሎ ያልፋል። ለምን? መልስ የለም። ልጅቷ ከዚያ ወዲያ እጇን አታወጣም።

ይሄ ያናድደኛል። ምንም አላጠፋችም እኮ! ፊደላችን ያስለመዳትን ነው ያደረገችው። የሸዋ በር ታፔላ ላይ ያለችው «በ» መጽሐፍ ላይም «በ» ናት። እንግሊዝኛ ግን 26 ፊደል ይዞ ወደ 44 የሚጠጉ ድምፆችን ያናግራል። ኦ፣ ዩ፣ ጂ እና ኤች ተከታትለው ሲመጡ ሳልን በሚጠራው ቃል ውስጥ «ኦፍ» ይባላሉ፣ ሻካራ ለማለት «አፍ»፣ ሊጥ ለማለት ደግሞ «ኦ» ብቻ።

ምክንያቱ ታሪክ ነው። ያቺ ኬይ ድሮ ትነበብ ነበር። ዊልያም ካክስተን እ.ኤ.አ. በ1476 የማተሚያ መሣሪያ እንግሊዝ አገር ሲያስገባ የሰዉ አነጋገር ገና እየተለወጠ ነበር፤ ኅትመት እየተስፋፋ ሲሄድ አጻጻፉ ረጋ፣ አነጋገሩ ግን መለወጡን ቀጠለ። ዕዳ በሚለው ቃላቸው ውስጥ ያለችው ቢማ ከነጭራሹ በእንግሊዝኛ ተነባ አታውቅም፣ ምሁራን ቃሉን ከላቲን ለማዛመድ ሲሉ የሰኳት ናት። እኛስ ብንሆን? ሀ፣ ሐ እና ኀ በጥንቱ ግዕዝ የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። ዛሬ በአማርኛ አንድ ሆነዋል፤ አጻጻፉ ግን አለ። ይህን ለዚያች ልጅ ብትነግሯት ቶሎ ይገባታል።

ትልቁ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። «ዋና» የሚለውን ተመልከቱ። ላልቶ ሲነበብ ውኃ ውስጥ ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ ሌላ። ፊደሉ አይለየውም። የደሴ ልጅ ግን አይቸገርም፤ ቃሉን ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ከእናቱ አፍ ሰምቶታል። እንግሊዛዊው ልጅም እንዲሁ ነው፤ ያ ሁሉ የተመሰቃቀለ አጻጻፍ የሚመጣበት ቃሉ አፉ ውስጥ ካደረ በኋላ ነው። የእኛ ልጅ ቃሉን መጀመሪያ የሚያገኘው ሰሌዳ ላይ ነው፣ ያውም ከሥሩ በአማርኛ ፊደል ተጽፎለት።

በአማርኛ ፊደል መጻፉ ደግሞ ብዙ ነገር ይደብቃል። በግና መርከብ በእንግሊዝኛ ሁለቱም «ሺፕ» ተብለው ይጻፋሉ፣ ድምፃቸው ግን አንድ አይደለም፤ የበጉ ረዘም ይላል፣ የመርከቡ አጠር ብሎ ወደ «እ» ይጠጋል። ጫናም አለ፤ የቃሉን አንድ ክፍል ከሌላው አጠንክሮ መጥራት ማለት ነው። «ፎቶግራፍ» ሲሉ «ፎ» ላይ ይጫናሉ። ባለሙያውን ሲጠሩ ግን ጫናው ወደ «ቶ» ይዞርና የፊተኛዋ ተኮማትራ «ፈ» ትሆናለች፦ «ፈቶግረፈር»። እኛ ሁሉንም ፊደል እኩል እየረገጥን ስለምናነብ ሰሚው ግራ ይገባዋል፣ እኛም እነሱ ሲያወሩ የሚውጡት ነገር ያለ ይመስለናል።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ጆሮው ያልተከፈተ ልጅ የሚጎዳው በአንድ ትምህርት ብቻ አይደለም። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ፈልጎ የሚሄድ ወጣት ሰዋስዉን አብጠርጥሮ ያውቅ ይሆናል፤ የውጭ ዜጋ ሲያናግረው ግን የሚያውቀውን ቃል እንኳ ሳይለየው ያልፋል።

እና ምን ይደረግ? አዲስ ቃል ሰሌዳ ላይ ከመጻፉ በፊት ልጆቹ ደጋግመው ይስሙት፣ ይበሉት፣ ከዚያ ይጻፍ። የመምህሩ ስልክና አንዲት ትንሽ ስፒከር ይበቃሉ። ከታች ክፍል ጀምሮ «ኤ፣ ቢ፣ ሲ» ብሎ የፊደሉን ስም ማሸምደድ ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ ፊደል የሚያወጣቸው ድምፆች ይሰጡ። መምህራኑም ሥልጠናው ይድረሳቸው፤ እነሱም የተማሩት በዚሁ መንገድ ስለሆነ ያልተሰጣቸውን ከየት ያመጣሉ? የክፍል ፈተና ውስጥም ሰምቶ መመለስ ይግባበት፣ ለጊዜው ከመቶ አሥር ነጥብ እንኳ ቢሆን።