ለጓሯችን ጭላት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ ገመድ ላይ የነበረ ቋንጣን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ክረምቱ ወጥቶ፣ አደዩ ገና ሳይረግፍ በጥቅምት ፀሐይ ጓሮ ቁጭ ብሎ ወፍ ማየት ደስ ይላል። እርስዎም ከባሕር ዛፉ ጫፍ እኛን ሲያዩ ደስ እንደሚልዎ ጥርጥር የለንም። «ለጥቅምት አንድ አጥንት» ሲባልም ሰምተዋል። ትናንት ረፋድ ላይ የመረጡት ግን አጥንት የሌለውን ነው።

ለመሆኑ የቋንጣን ልፋት ያውቃሉ? ስቡና ጅማቱ ተለቅሞ፣ ከትንሽ ጣት ሳይወፍር ይዘለዘላል፤ ከወፈረ ውጩ ደርቆ ውስጡ ይሸታል። በጨው፣ በሚጥሚጣና በቁንዶ በርበሬ ይታሻል። ሲሰቀል ዝልዝሉ ከዝልዝሉ መነካካት የለበትም፤ የተነካካው አየር አጥቶ ይሻግታል። ለዚህ ሁሉ የሚጠበቀው ይህ የጥቅምት ደረቅ ነፋስ ነው። ለካ እርስዎም እሱኑ ሲጠብቁ ኖሯል።

ከፊት አልመጡም። በዚያ መሐሉ በተሰነጠቀ ጭራዎ እየቀዘፉ ሁለት ጊዜ ዞሩ፣ ጀርባችንን እስክንሰጥ ታገሡ፣ ከዚያ በእግርዎ ላፍ! ዝልዝሉ በገመዱ ላይ ተቋጥሯልና አልላቀቅ አለ። ሲጎትቱት ገመዱ ከሚስማሩ ወለቀ፣ ሦስት ኪሎ ሥጋ አፈር ላይ ተዘረረ። እርስዎ ራስዎ ቢመዘኑ አንድ ኪሎ አይሞሉም!

ደግሞስ ምን «እርስዎ» ያስብላል? አንተ ሌባ! ለዚያ ሥጋ ስንት ሰዓት እንደተሰለፍን፣ ባለ ሥጋ ቤቱ ስንት ጅማት ደባልቆ እንደመዘነብን ታውቃለህ? አንዷን እየበረርክ ጎረስካት። የቀረውስ? አፈር የነካ ቋንጣ ቢታጠብ ጨውና ሚጥሚጣው አብሮ ይሄዳል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ይበሰብሳል። ጎረቤት በአጥር ብቅ ብሎ ሲስቅ እኛ መጥረጊያ ይዘን ሰማይ እንሳደባለን።

ይቅርታ፣ ወደ ሥርዓቱ እንመለስ።

የጫጩቶቹ ነገር ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይሻል። ጾመ ጽጌ የፈቃድ ስለሆነ አይጠየቁበትም። ምንቃረ ጥቁር ዘመዶችዎ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው ሲመጡ ግን እባክዎ ገመዳችንን አያሳዩአቸው።

ቀጣዩ ቋንጣ ከጣሪያ ክዳን ሥር በአጎበር ተከልሎ ይሰቀላል። አጎበሩም ከሥጋው አንድ ክንድ ይርቃል፤ ከተጠጋ ከነአጎበሩ ጨብጠው እንደሚሄዱ ገብቶናል።

ግልባጭ፦
ለቁራ (ተራውን ሲጠብቅ ስለታየ)
ለውሻችን (እያየ ስለተኛ)