ስለ ብላክ ፓንተር ስም አንድ እርማት

ወንድሜ፣ ትናንት ፈረንጅ አራዳ ቡና ስንጠጣ እርስዎ ስለ ኮሚኩ (በሥዕል ስለሚተረከው መጽሔት) ጀግና «ብላክ ፓንተር ስሙን ያገኘው ከአሜሪካው የጥቁሮች ፓርቲ፣ ከብላክ ፓንተር ፓርቲ ነው» ብለው ነበር፤ ይህ ጅማ ብቻ ሳይሆን በየአገሩ የሚደጋገም ስሕተት በመሆኑ በጽሑፍ ላርመው ወደድኩ። የኮሚክ ፈጣሪዎቹ ስታን ሊ እና ጃክ ከርቢ የፈጠሩት ቲቻላ (የብላክ ፓንተር እውነተኛ ስሙ ነው) መጀመሪያ የታየው ፋንታስቲክ ፎር በተባለው ኮሚክ ቁጥር 52 ሲሆን፣ ሽፋኑ ላይ የታተመው ወር ጁላይ 1966 እ.ኤ.አ. ነው፤ ፓርቲው ግን ኦክላንድ ውስጥ የተመሠረተው በዚያው ዓመት በኦክቶበር ነው። ፓርቲውም ቢሆን አርማውን የወሰደው ከኮሚኩ ሳይሆን አላባማ ውስጥ፣ በሎውንድስ አውራጃ ከነበረ የጥቁሮች የፖለቲካ ድርጅት ነው። እንዲያውም በ1972 እ.ኤ.አ. ቲቻላ ስሙ አሜሪካ ውስጥ ፖለቲካዊ ትርጉም ስላለው በሚል «ብላክ ሌፐርድ» ተብሎ ነበር፤ ደግነቱ ብዙ አልቆየም።

ግራ መጋባቱን ያባባሰው በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው «ብላክ ፓንተር» ፊልም ራሱ ይመስለኛል። በኮሚኩ የቲቻላ ባላንጣ ኪልሞንገር ያደገው ኒው ዮርክ፣ ሃርለም ሲሆን፣ በፊልሙ ፓርቲው ወደተመሠረተባት ኦክላንድ ያዛወረው የከተማዋ ተወላጅ የሆነው ዳይሬክተር ራያን ኩግለር ነው። ኮሚኩን ለዓመታት ላነበብኩት ለእኔ ይህ ለውጥ ከፊልሙ ምርጥ ውሳኔዎች አንዱ ነው፤ በኮምፒዩተር የተሠራውን የመጨረሻውን ፍልሚያ ግን ዛሬም አልወደውም።