የትከሻ ላብረም ኤምአርአይ ላይ «ተቀዷል» መባሉ ብቻ ለኦፕራሲዮን አያበቃም

«ላብረም ተቀዷል ከተባለ ያለ ኦፕራሲዮን አይድንም» ያልከው ልክ አይደለም ወንድሜ። ብዙ ሰው ይህንን አምኖ ስለሚጨነቅ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ላብረም የትከሻውን ጎድጓዳ አጥንት ጠርዝ የሚከብ ጠንካራ ቀለበት ነው። ዕድሜ ሲገፋ ይሳሳል፣ ይሰነጠቃልም። ከ45 እስከ 60 ዓመት የሆናቸው፣ ትከሻቸውን ምንም የማያማቸው ሰዎች ኤምአርአይ ሲነሱ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የላይኛው ላብረማቸው ተቀዶ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የኖርዌይ ጥናት ደግሞ ይህንኑ የላይኛውን ላብረም መስፋትን ከማስመሰያ ኦፕራሲዮን (ቆዳው ተከፍቶ ላብረሙ ሳይሰፋ ከሚዘጋበት) ጋር አወዳድሮ የረባ ልዩነት አላገኘም።

ትከሻው በአደጋ የወለቀበት ወጣት ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ሐኪሙ ክንዱን ወደ ጎን አንስቶ፣ ክርኑን አጥፎ፣ ድንጋይ ሊወረውር እንደተዘጋጀ ሰው ቀስ አድርጎ ወደ ኋላ ያዞረዋል። ያኔ ታካሚው «ሊወልቅብኝ ነው!» ብሎ ከደነገጠ፣ እኔ ከኤምአርአዩ ይልቅ ይህንን አምናለሁ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የፊተኛውን ላብረም መስፋት ትከሻው ደጋግሞ እንዳይወልቅ በእጅጉ ይረዳል።

ወልቆበት ለማያውቅና ሕመም ብቻ ላለበት ግን መጀመሪያ የሚሞከረው ፊዚዮቴራፒ ነው። የትከሻንና የብራኳን (ከትከሻ ኋላ ያለውን ጠፍጣፋ አጥንት) ጡንቻ የሚያጠነክር ስፖርት፣ ያውም ለሳምንት ሳይሆን ለወራት።