ክሎሩ በጣሳ እስከ መቼ?

ዘመድ ጥየቃ ወሎ ሄጄ ነበር። ያረፍኩባት ከተማ ውስጥ ጠዋት ከቦኖ የተቀዳው ውሃ በረኪና በረኪና ይላል። ልጆቹ አንጠጣም አሉ። በሦስተኛው ቀን ሽታው ጭራሽ የለም። እኔን ይበልጥ ያስፈራኝ ይሄኛው ነው፤ ጀርም የሚገድለው ክሎር ውሃው ውስጥ የለም ማለት ሊሆን ይችላላ።

ክሎሩ የሚጨመርበትን ቦታ ሄጄ አየሁት። ሠራተኛው ዱቄቱን በጣሳ እየሰፈረ በርሜል ውስጥ ይጨምራል፣ በእንጨት ያማስላል። ዓይኑ ያለቅሳል። ከዚያ ከበርሜሉ ሥር ያለችውን ቧንቧ ትንሽ ከፈት ያደርጋታል። በቃ። በሰውየው አልፈርድም፤ የተሰጠው ጣሳ ነው።

በርሜሉ ሲሞላ ግፊቱ ይበረታል፣ ሲጎድል ይደክማል። ወደ ሩቡ ሲወርድ የሚፈሰው በግማሽ ይቀንሳል። የዱቄቱ ነጭ ዝቃጭ ደግሞ ቧንቧዋን ይደፍናታል። መብራት ሄዶ የውሃው ፓምፕ ሲቆም ክሎሩ ዝም ብሎ ይንጠባጠባል። ከውጭ የሚመጣው የኤሌክትሪክ መጨመሪያ ጥሩ ነው፤ ግን አንዲት ዕቃው ስትበላሽ መለዋወጫ እስኪገኝ ያው ወደ ጣሳ መመለስ ነው።

እዚሁ እንሥራው ነው የምለው። ከበርሜሉ ሥር ትንሽ ባልዲ ይቀመጥ። ባልዲው ላይ ሮቶ ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ዓይነት ተንሳፋፊ ይገጠም። ባልዲው ውስጥ ያለው ድብልቅ ከፍታው ካልተለዋወጠ ጠብታውም አይለዋወጥም። የበርሜሉ መውጫ ከዝቃጩ ከፍ ይበል። ሁሉም ፕላስቲክ ይሁን፤ ክሎር ብረት ይበላል። ዋናው ውሃ ሲቆም ክሎሩንም የሚያቆም ነገር ግን ጭንቅላት ይፈልጋል። ኮምቦልቻ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። ተማሪዎቹ ለመመረቂያቸው ይሄን ቢይዙት እንዴት ደስ ባለኝ!

ፍተሻው ውድ አይደለም። በሴኮንድ 10 ሊትር የሚያልፍበት መስመር፣ በሊትር 2 ሚሊ ግራም ክሎር እንዲደርሰው 1 በመቶ ክሎር ያለው ድብልቅ በደቂቃ 120 ሚሊ ሊትር ይፈልጋል። መለኪያ ብርጭቆና የስልክ ሰዓት ይበቃል። በርሜሉ ሙሉ ሲሆንም ሊያልቅ ሲልም ይለካ። ከዚያ እስከ መጨረሻዋ ቦኖ መውረድ ነው። እዚያ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም ቀሪ ክሎር መገኘት አለበት። የመመርመሪያዋ ክኒን ውሃውን ሮዝ ካላደረገችው ክሎሩ እዚያ አልደረሰም።

ደግሞ በጋ ላይ፣ በጠራ ውሃ ሞክሮ ሠራ ማለት አይቻልም። ክረምት ሲገባ ውሃው ይደፈርሳል፤ ድፍርሱ ክሎሩን ይጨርሰዋል። ሙከራው ሐምሌ ላይ ይጀመር፤ ዶፉ በወረደ ማግስት፣ ጠዋት፣ እናቶች ጄሪካን ይዘው ሲሰለፉ።