ደለሉስ?
"የጎንደር ውኃ ያጠረው ሕዝቡ ስለበዛ ነው" የሚለው ግማሹ እውነት ነው፤ በ1987ቱ ቆጠራ 112 ሺህ ገደማ ነበርን፣ በ1999ኙ 207 ሺህ አለፍን። ግን ለከተማችን ውኃ የሚሰጠውን አንገረብ ግድብን ወጥቶ ያየ ሰው ሌላውን ግማሽ ያውቀዋል። ከበላዩ ያለው ተዳፋት ደኑ ተመንጥሮ እስከ አፋፉ ታርሷል፣ ክረምት የሚገባው ጎርፍ ቡና ነው የሚመስለው፣ ውኃው ሊተኛበት የሚገባው ቦታ ላይ ደለል ተኝቷል። "ውኃ ያጠረው ዝናብ ስለጠፋ ነው" የምትለው ወንድሜ፣ ዝናቡማ አለ፣ ሐምሌን እዚህ ከርመህ እየው! እኛ ሰፈር ፈረቃው ሲደርስ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቧንቧው መጀመሪያ አየር ይተፋል፣ ቀጥሎ ቀይ ውኃ፤ ሲያድር ጄሪካኑ ሥር ጭቃ ይቀራል። ሮቶ ያለው ይሞላል፣ የሌለው በባጃጅ ያስመጣል (ከውኃው የባጃጁ ሒሳብ ይበልጣል)። ለከተማችን ውኃ ይሰጣል የተባለው መገጭ ግድብ ሊያልቅ ነው ሲባል የሰማሁት ልጄ ሳይወለድ ነው፤ አሁን ጄሪካን የሚሸከምልኝ እሱ ነው።